በሦስተኛው ጥሪ

የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ አዲስ አበባ ካለ ከአንድ የሰፈር ዕድር እንዳለ ተገልብጦ የመጣ ነው። የገለበጠውም ሰው አንድ ቃል ልዝለል፣ አንድ ቃል ልጨምር አላለም። ስለዚህ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ ድንኳን የሌለው የድንኳን ኃላፊ አለ፤ ጥሩምባ ነፊው ቢያረፍድ ምን እንደሚደረግም ተጽፏል። ከሁሉ የሚሠራው አንቀጽ አንድ ብቻ ነው። አባላት ሁለት ጊዜ ተጠርተው ግማሹ ካልተገኘ፣ በሦስተኛው ጥሪ የመጣው ሰው፣ ስንትም ይሁን ስንት፣ ወስኖ ይሄዳል።

በፈረንጆቹ ሰማንያ ስድስት፣ ጥቅምት ላይ፣ ሦስተኛው ጥሪ ሲደረግ ከሁለት መቶ ዐሥራ አራት አባል የመጣው ዐሥራ አንድ ሰው ነበር። ወንበር ግን መቶ ሃምሳ ተዘርግቷል። የዘረጋችው የወርቅውሃ ናት።

የወርቅውሃ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። አዛውንት በሚጦሩበት ቤት አንሶላ ታጥባለች። በልጅነቷ ፊደል ቆጥራ ዳዊት ሳትደርስ ያቋረጠች ናት። እዚህ ከመጣች ወዲህ ግን ሌክ ሜሪት አጠገብ ባለው አዳራሽ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በሚሰጠው የእንግሊዝኛ ክላስ ሦስት ዓመት ተቀምጣለች፤ ሦስቱንም ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ላይ። አስተማሪዋ ወደ ሦስተኛ ልታሳልፋት ስትል፣ “ያልገባኝን ጥዬ የት ልሂድ?” ብላ እምቢ አለች። ነገረ ሥራዋ ሁሉ እንዲህ ነው።

የተጠሩት ለሊቀመንበር ምርጫ ነው። የድሮው ሊቀመንበር ሥራ አግኝቶ ዳላስ ገብቷል። በመሐል፣ ስደተኞችን ከሚረዳው ድርጅት ደብዳቤ መጣ። የኦክላንዱ ክላስ ከገና በኋላ ይዘጋል፤ መማር የሚፈልግ ሳን ሆዜ ይሂድ። ተቃውሞ ካለ በማኅበረሰቡ የተመረጠ ሰው ቀርቦ ይናገር ይላል። መኪና ለሌለው ሰው ሳን ሆዜ በአውቶቡስ መሄጃው ሁለት ሰዓት፣ መመለሻው ሁለት ሰዓት ነው። ከሱዳን በቅርብ የገቡት እነ ወይንሸት፣ ልጅ አዝለው የሚማሩት፣ ቀሩ ማለት ነው። የወርቅውሃም ቀረች ማለት ነው።

“ሁለት መቶ ሰው የት ነው ያለው?” አለች ተነሥታ። “ታሟል? እስር ቤት ነው? ስልኩ ተቆርጦበታል?” ብዙ ተናገረች። ስትጨርስ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “የምትናገረዋ ትያዘው” አሉ። እጅ ወጣ። የወርቅውሃ በዐሥር እጅ የሁለት መቶ ዐሥራ አራት ሰው ሊቀመንበር ሆነች። ከዚያ መቶ ሃምሳውን ወንበር አጥፋ መለሰች።

ጸሐፊው ከማለዲን፣ የወሎ ልጅ፣ ታክሲ ነጂ፣ ወንበር እያቀበላት፣ “እንኳን ደስ አለዎት እትዬ” አላት።

“ሂድ ወዲያ! ዐሥር ሰው ይዤ እዚያ ፈረንጅ ፊት ምን ብዬ ልቁም?”

“ዐሥር ነው ብሎ የሚነግረው ማን ነው? ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ይበሉዋ። በመዝገብ አለን አይደል?”

“መዝገብ እጅ የለውም” አለች የወርቅውሃ።

እሷ የፈለገችው የቀሩት ሰዎች በየቤታቸውም ቢሆን ይሁን እንዲሏት ነው። ከሺፍት ስትወጣ ከማለዲን በታክሲው ይጠብቃታል፤ ወረቀቷን ይዛ በየሥራው ቦታ፣ በየአፓርትመንቱ ትዞራለች። መጀመሪያ የሄደችው አቶ ጥሩነህ ጋ ነው። አቶ ጥሩነህ አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ እዚህ ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ ከመስታወት ቤት ተቀምጠው ትኬት ይቆርጣሉ።

“ምነው ቀሩ አቶ ጥሩነህ? ሦስት ጊዜ ተጠርተው?”

“የወርቅውሃ፣ እኔ አዲስ አበባ ዓመት ከዓመት፣ እሑድ በመጣ ቁጥር፣ ቀበሌ ተቀምጫለሁ። ስሜ ሲጠራ አቤት እላለሁ። አጨብጭብ ሲሉኝ አጨበጭባለሁ፣ እጅ አውጣ ሲሉኝ አወጣለሁ። የቀረ ሰው ለምን ቀረህ ተብሎ የሚጠየቀው በምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። አሜሪካ ምን ሰጠችህ ብትይኝ፣ ሚቲንግ አለመሄድን ሰጠችኝ። ይቺን አትንኪብኝ።”

“ክላሱ ሲዘጋ ታዲያ ማን ይናገር?”

“አንቺ ተናገሪ።”

“አልመረጡኝማ!”

“አልተቃወምኩሽም።”

መኪና መጣ፤ ትኬት ቆረጡለት። የወርቅውሃ አልሄደችም። ሌላ መጣ፤ አሁንም አልሄደችም። በሦስተኛው መኪና ላይ፣ “አምጪው እንግዲህ፣ መኪና ሳይገጭሽ” ብለው ወረቀቱን ተቀበሉና ፈረሙ። አየችው። ወልደ ገብርኤል ይላል።

“ይኼ ማን ነው?”

“እኔ ነኛ፣ በክርስትና። የመዝገብ ስሜን ለማንም ዝርዝር አልሰጥም፤ ምያለሁ።”

የወርቅውሃ አሰበችበት። ሰው ሲሞት የሚፈታው በዚህ ስም ነው። ሲቆርብም የሚጠራው በዚህ ስም ነው። በዚህ ስም የፈረመ እንዲያውም አጥብቆ ፈረመ እንጂ አላጭበረበረም። ደስ አላት። ከዚያ በኋላ የሚያመነታ ባገኘች ቁጥር እራሷ፣ “ከፈራችሁ የክርስትና ስማችሁን ጻፉ” ትል ጀመር። ዝርዝር የሚፈራው ሰው ብዙ ነበርና ብዕሩን እየተቀባበለ ፈረመ።

ከማለዲን ከመሪው ጀርባ ሳቀ። “የኛስ ሰዎች ምን ይጻፉ እትዬ?”

“እናንተም ያላችሁን ጻፉ።”

“እኛ ያለን አንድ ስም ነው።”

ሸዋረጋ ጋም ሄደች። ሸዋረጋ ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ወንድሟ አዲስ አበባ ከታሰረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ይኑር ይሙት አይታወቅም። በሩን በሰንሰለት ይዛ፣ ወረቀቱን በክፍተቱ ተቀብላ፣ ወለተ ማርያም ብላ ጽፋ መለሰችላት። “ስሜን እንዳትጠሪ እትዬ፣ አደራሽን” አለቻት።

ሥልሳ ሁለት ፊርማ ሞላ። የወርቅውሃ እግሯ አብጦ፣ ጫማዋን ታክሲው ውስጥ አውልቃ ነበር የምትሄደው።

ሳን ሆዜ የቀረቡት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ሰዎች፣ በየፊታቸው ውኃ። ከማለዲን ያስተረጉማል። ሰብሳቢው ወጣት ነው፤ ትሑትም ነው። ትሑት ሰው እምቢ ሲል ደግሞ የሚይዙት ጫፍ የለውም።

“ያመጡትን ፊርማ ከተማሪዎቻችንና ከምንረዳቸው ሰዎች መዝገብ ጋር አመሳከርነው” አለ። “ከሥልሳ ሁለቱ የተገኙት ዘጠኝ ናቸው። የቀሩት ሃምሳ ሦስት ሰዎች የትም የሉም።”

ዘጠኙ የወርቅውሃ እራሷና ስምንት የወሎ ሰዎች ናቸው፤ እነ ዘሐራ፣ እነ ጣሂር። አንድ ስም ያላቸው።

“ደግሞ ይቺ” አለ ሰብሳቢው፣ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አድርጎ፣ “ወለተ ማርያም የምትባለዋ ስድስት ጊዜ ፈርማለች።”

“ስድስት ሴቶች ናቸው” አለች የወርቅውሃ።

“ስድስቱም አንድ ስም ነው ያላቸው?”

“እግዜር ፊት፣ አዎ።”

ከማለዲን ይቺን ሳይተረጉም ዋጣት። “የክርስትና ስም ነው” ብሎ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ያበሻን ነገር ለፈረንጅ ማስረዳት ደግሞ እየረዘመ ይሄዳል እንጂ አያልቅም። ሰብሳቢው በትዕግሥት ሰማና፣ “እሺ፣ ፊርማውን እንተወው። እርስዎን ስንት ሰው መረጠዎ?” አለ።

ከማለዲን ጥያቄውን ተርጉሞ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ይበሉ። በእናቴ ይዤዎታለሁ” አላት።

የወርቅውሃ ደክሟታል። የዛሬን ጠዋት ፈቃድ ለማግኘት ትናንት ድርብ ሺፍት ሠርታለች። ድካም አንዳንዴ ሰውን ያስዋሸዋል፤ እሷን ግን የማስመሰል ጉልበቷን ነው የወሰደባት።

“ቴን” አለች በራሷ አፍ። የሁለተኛ ደረጃ ቁጥር ነው፤ ከማለዲን አላስፈለገም።

ሰብሳቢው እያዘነ፣ “እንግዲህ እርስዎ የሚናገሩት ለዐሥር ሰው ነው” አለ።

“የቀሩት ሌላ ሰው አልመረጡም” አለች የወርቅውሃ። “አትሂጂም አላሉኝም። ዝም ነው ያሉት። ዝም ያለ ሰው ልጅ የለውም? ሥራ አይፈልግም? እኔ ባልመጣ ዛሬ ይቺ ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ ነበር?”

ከዳር የተቀመጠች፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች ጠና ያለች ሴት ነበረች። የአንድ ወረዳ ተመራጭ ናት አሉ። መነጽሯን አወለቀች። “እኔ ስመረጥ” አለች ለሰብሳቢው፣ “ቮት ማድረግ ከሚችለው መቶ ሰው ዐሥራ ስምንቱ ነው የወጣው። ከዐሥራ ስምንቱ እኔን የመረጡኝ ዐሥር ናቸው። ስለ ዘጠናው እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።”

ከማለዲን ሲተረጉምላት የወርቅውሃ አልተጽናናችም። ‘እዚህም እንዲህ ከሆነ የት ይኬዳል’ ነው ያለችው በልቧ።

ባለመነጽሯ ሴት ግን አስታረቀች። ወረቀት ይቅር፤ ሰው ይታይ። በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ድርጅቱ አንድ ቆጣሪ ኦክላንድ ይልካል። ከአባላቱ ግማሹ አዳራሹ ውስጥ ለስብሰባ ተቀምጦ ከተገኘ፣ የወርቅውሃ ወኪል ናት፤ ክላሱም እስከ ሰኔ ይቆያል። ካልተገኘ ነገሩ ተዘጋ።

በታክሲው ወደ ኦክላንድ ተመለሱ።

“መቶ ሰባት ሰው” አለ ከማለዲን። “ላንድ ስብሰባ። ኦክላንድ ውስጥ። አልቋል ይበሉዋ።”

የወርቅውሃ በመስኮቱ እያየች፣ “የዛሬ ዓመት የመንገሻ እናት መርዶ ጊዜ ስንት ሰው ነበር?” አለች።

“እሱማ ሦስት መቶ አይሆንም? መንገድ ተዘግቶ የለ እንዴ! ለመርዶ ማን...” ከማለዲን አቋረጠና በመስታወቱ አያት። “እትዬ።”

“ምንም አላልኩም።”

“እትዬ የወርቅውሃ፣ ይተዉት።”

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መጣች። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ከበቧት። “ምነው? ምን ሰማሽ?” አሏት።

“ቅዳሜ አራት ሰዓት፣ አዳራሽ” አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ማንም ማን ሞተ ብሎ አልጠየቃትም። መርዶ ሲረዳ የባለቤቱ ስም አይጠራም፤ ጆሮው ደርሶ ብቻውን እንዳይደነግጥ፣ ሰው ተሰብስቦ ከያዘው በኋላ ነው የሚነገረው። ይኼን የማያውቅ አበሻ የለም። ስለዚህ ነገሩ ሳይጠየቅ ተላለፈ። ስልክ ለስልክ፣ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ፣ ከሳን ሆዜ ሬድውድ ሲቲ፣ “ቅዳሜ አራት ሰዓት” ተባለ። ሥራ ያለበት ሺፍት ቀየረ። ከማለዲንም ለወሎ ሰዎች ሰዓቱን ብቻ ነገረ፤ ነግሮ ሲያበቃ ግን ስልክ ደወለላት።

“ዋሹ እኮ።”

“ሞተ አላልኩም።”

“አላህ ልብስም ያነባል፣ እትዬ” ብሎ ዘጋው።

ቅዳሜ ገና ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ሞላ። ሰዉ ጥቁር ለብሶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ እርስ በርሱ እየተያየ ገባ። የወርቅውሃ መድረኩ አጠገብ ቆማ ስትቆጥር ነበር። ሰማንያ አካባቢ ላይ ልቧ ሞቆ ነበር፤ ዘጠና ላይ ግን ያላሰበችውን ነገር አየች። ሰዉ የሚያየው እሷን ነው። ማን ላይ ዐይኗ እንደሚያርፍ ለማወቅ ነው የሚያየው። ዐይኗ ያረፈበት ሁሉ ፊቱ ይገረጣል። የመንግሥቱ ዘመን ነው፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አገር ቤት እናት፣ ወንድም፣ ልጅ ያልተወ ማን አለ? የሰው መርዶ ልሰማ ብሎ የመጣ የለም። እያንዳንዱ የመጣው የራሴ ይሆን እያለ ነው።

ሸዋረጋን ሁለት ሴቶች ደግፈው አስገቧት። ራሷን በጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ገና ማንም ምንም አልነገራትም። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧትና ግራና ቀኝ ያዟት።

የድርጅቱ ቆጣሪ፣ ወጣት ፈረንጅ ሴት፣ ሰሌዳዋን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። መቶ ሠላሳ አንድ ሰው አለ። አሁን የወርቅውሃ ዝም ብትል ልጅቷ ቁጥሯን ጽፋ ትሄዳለች።

የወርቅውሃ የሸዋረጋን እጅ አየችና ዝም ማለት አልቻለችም።

“የሞተ ሰው የለም” አለች።

“የማንም ሰው አልሞተም። ስብሰባ ነው። ሦስት ጊዜ ብጠራችሁ ስላልመጣችሁ ነው። ለክላሱ ነው።”

መጀመሪያ የተሰማው የሸዋረጋ ድምፅ ነው። ልቅሶም ሳቅም አይደለም። ከደጋፊዎቿ እጅ ተላቃ ተነሣች። “ከእሑድ ጀምሮ ወንድሜን ቀብሬዋለሁ” አለች። “በልቤ ቀብሬዋለሁ። አልቅሼ ጨርሻለሁ። አሁን ልመልሰው? እንዴት አድርጌ ልመልሰው የወርቅውሃ?” እትዬ አላለቻትም።

ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። “ነውር!” “በመርዶ ይቀለዳል?” “የኔ እናት የልብ በሽተኛ ናት፣ ይኼው ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ስደውል!” ሰዉ እየተነሣ ወደ በሩ ገፋ። ፈረንጇ ልጅ ደንግጣ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

በሩ ላይ የቆሙት አቶ ጥሩነህ ናቸው። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዘጉት።

“ማንም አይወጣም!” አሉ፣ በዳይሬክተር ድምፅ። “የት ነው የምትሄዱት? ብትሄዱ ነገም ሊቀመንበራችሁ እሷው ናት። ቁጭ በሉ! ግማሽ ሞልቷል፣ ከግማሽም አልፏል። ደንቡ ያውላችሁ። አውርደናት እንሂድ።”

ሰዉ ቆመ። ከዚያ አንድ በአንድ ተመልሶ ተቀመጠ፤ በቁጣ ወንበር እያንጓጓ ተቀመጠ። ዐሥር ያህል ሰው ብቻ አልፎ ወጣ። ሸዋረጋ አልወጣችም።

አቶ ጥሩነህ ወደ መድረኩ ወጡ። የወርቅውሃ ቦታ ለቀቀችላቸው።

“የምትይው አለሽ?”

“የለኝም። ልክ ናችሁ። ግን ቆጣሪዋ ቆጥራ እስክትጨርስ እጃችሁን አታውርዱ።”

አንዱ ከኋላ ሳያስበው ሳቀ፣ አጠገቡ ያለው በክርኑ መታው።

“የወርቅውሃ ከሊቀመንበርነት ትውረድ የሚል!”

እጅ ወጣ። የወርቅውሃ እንዲህ ያለ የእጅ ጫካ ከመጣች አይታ አታውቅም። ማንም አውጡ ብሎ አላስገደዳቸውም፤ በገዛ ንዴታቸው ነው ያወጡት። አቶ ጥሩነህ ጮክ ብለው፣ ፈረንጇ በእርሳሷ ጫፍ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቆጠሩ። ዘጠና ስምንት። ትቆይ የሚለው ሲጠራ ዘሐራና ከማለዲን፣ ከክላሱም እነ ወይንሸት፣ ሃያ የማይሞላ እጅ ወጣ። የወርቅውሃ የትኛውም ላይ እጇን አላወጣችም፤ ስትቆጥር ነበር።

“ምንድን ነው የሚያደርጉት?” አለች ፈረንጇ ከማለዲንን።

“ምርጫ” አላት።

“እንዲህ ያለ ስብሰባ አይቼ አላውቅም” አለችና ግማሹ መሙላቱን ጻፈች።

አዲስ ሊቀመንበር ይመረጥ ሲባል አዳራሹ ሁሉ “ጥሩነህ! ጥሩነህ!” አለ። አቶ ጥሩነህ ላብ አጠመቃቸው። “እኔ ምያለሁ እኮ፣ እሑድ አልሰበሰብም ብዬ...” ቢሉ የሚሰማ ጠፋ። የኋላው ሰውዬ፣ “ቅዳሜ ያርጉታ!” ብሎ ጮኸ። መቶ ምናምን እጅ ተነሣባቸው።

ሰው ሲበተን የወርቅውሃ የማኅበሩን ማኅተምና የአዳራሹን ቁልፍ ለአቶ ጥሩነህ ሰጠቻቸው። ተቀብለው፣ ሊሰድቧት አፋቸውን ከፍተው፣ ተዉት። “ደብዳቤው ለማን ነው የሚጻፈው?” ነው ያሉት። አድራሻውን ነገረቻቸው። የሰብሳቢውን ስም፣ የባለመነጽሯን ሴት ስም፣ የትኛው አውቶቡስ እዚያ እንደሚያደርስ ነገረቻቸው። እስከ ሰኔ ቆየ ማለት ሰኔ ላይ እንደገና ነው።

ሸዋረጋ ደጅ ላይ ሻሿን ፈታ በእጇ ይዛ ቆማለች። የወርቅውሃ አጠገቧ ሄዳ ጎንበስ አለች፤ ጉልበቷን ልትነካ ነበር። ሸዋረጋ ወደ ኋላ ሸሸች።

“ይቅር በይኝ” አለች የወርቅውሃ።

“እግዜር ይቅር ይበልሽ” አለች ሸዋረጋ። “እኔ ገና ነኝ።”

“እሺ።”

“ክላሱ ረቡዕ አለ?”

“አለ።”

ሸዋረጋ ሻሿን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሄደች። ከማለዲን ታክሲውን አስነሥቶ በመስኮቱ፣ “ይግቡ እትዬ፣ ላድርስዎ” አለ። የወርቅውሃ በእጇ ሂድ አለችው። ሺፍቷ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው፤ ጊዜ አላት። ነጠላዋን አወለቀች፣ ጥለቱን እንደ ወትሮው ወደ ታች አድርጋ እንደገና ለበሰች፣ ከአውቶቡስ መቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች።